ሙሉነህ ሜዳውን ጥሎ አልሄደም

«ከደጅ የቆመ ሰው ግባ ሳይሉት ቢመሽ…»

ከዚህ ወዲያ ያለውን አያውቀውም። እምም እያለ ዜማውን እስከ ጫፉ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ይመለስና እንደገና ከደጁ ይጀምራል። ሙሉነህ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ይህችን አንዲት ስንኝ ይዞ ጓደኛዋን ሲያፈላልግ ነው የኖረው። እናቱን ወይዘሮ አሰፋሽን አንዴ ጠይቋቸው ነበር።

«እኔም ከእናቴ የሰማሁት ግማሹን ነው» አሉት። «ሌላውን ሱዳን በረሃ ላይ ጥለነው መጥተን ይሆናል። ያልጣልነው ምን አለ?»

የሚያንጎራጉረው ጠዋት ጠዋት፣ ሜዳ ላይ ነው። ሣሩ ጤዛውን ሳያራግፍ፣ የአውራ ጎዳናው ጩኸት ከዛፎቹ ማዶ እንደ ሞላ ወንዝ ሲፈስ፣ ሙሉነህ የቤዝቦል ዱላውን ይዞ ይቆማል። ከፊቱ አራት ተጫዋቾች ጎንበስ ብለው ይጠብቁታል። ቤዝቦል ተጫዋች ኳስ የሚይዘው በትልቅ የቆዳ ጓንት ነው፤ ሙሉነህ ግን ጠዋት ላይ ጓንታቸውን ያስወልቃቸዋል። መሬት ለመሬት የምትሮጥ ኳስ እየመታ ይልክላቸዋል፤ እነሱ በባዶ እጃቸው ይቀበሏታል።

«አትቀማት» ይላል። «እንግዳ ናት። እጅህን ዘርግተህ ተቀበላት፣ ወደ ደረትህ አስገባት፣ ከዚያ ሸኛት።»

ይህን ከየትኛውም አሰልጣኝ አልተማረውም። እንግዳ ሲገባና ሲወጣ ከሚውልበት ቤት ነው ያመጣው።

ያ ቤት ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቱን ጦርነቱ በልቶት፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር በሱዳን በኩል ቶሮንቶ ገባ። እናቱ ቢሮ ሲያጸዱ ይውላሉ፤ እሱ ከሕንፃው ጀርባ ካለው የጡብ ግድግዳ ጋር ይውላል። የመጀመሪያ አሰልጣኙ ያ ግድግዳ ነው። ግድግዳ አያዳላም። ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ፣ እስከ መቼ ትቆያለህ አይልም። በቀጥታ ለወረወረለት በቀጥታ ይመልሳል፤ አጣምሞ ለወረወረ አጣምሞ። ሙሉነህ ከዚያ ወዲህ ባየው ዓለም እንደዚያ ያለ ፍትሕ አላገኘም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ የአሜሪካ ክለብ አስፈረመው። ያስፈረሙት ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቤዝ፣ ሯጩ ከሚረግጣቸው ማረፊያዎች፣ መካከል ለሚቆምበት ቦታ ነው፤ ሾርትስቶፕ ይሉታል። ከሜዳው ውስጥ ብዙ ኳስ የሚመጣበት፣ ብዙ ስህተት የሚታይበት ቦታ ነው። እናቱ በስልክ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁት።

«መሃል ላይ ቆሜ ሊያመልጥ ያለውን እይዛለሁ» አላቸው።

«ዘበኛ ነህ በለኛ።»

አሥራ አንድ ዓመት ዘበኛ ሆነ። ስማቸውን ካርታ በማይጽፋቸው ከተሞች፣ ወንበሩ በተቀደደ አውቶቡስ፣ ጉልበቱን በበረዶ እያሰረ። ከሥሩ ያለ ኳስ አያመልጠውም ነበር፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክራል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለስድስት ቀን፣ ትልቁ ሊግ ጠራው። ስድስቱንም ቀን ንጹሕ ማልያ ለብሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ በሰባተኛው ቀን ንጹሑን ማልያ መልሶ በአውቶቡሱ ተመለሰ። በዚያ ሳምንት በሱ ቦታ የገባው ልጅ ሦስት ኳስ አምልጦታል። ልጁ ግን አባቱም አያቱም ተጫዋች ነበሩ።

ኋላ አሰልጣኝ ሲሆን የራሱን የድሮ ፋይል በአጋጣሚ አየው። ክለቦች ስለ ተጫዋች የሚጽፉት አለ፤ ተጫዋቹ አያየውም። ስለሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር የተጻፈው። «እጁ ወርቅ ነው። ዝምተኛ ነው። የጨዋታው ልጅ አይደለም።»

እንግዲህ ፍረዱ። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ከግድግዳ ጋር ሲጫወት ያደገ፣ ጣቱ ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ሦስት ጊዜ የተጠገነ ሰው የጨዋታው ልጅ ካልሆነ፣ ጨዋታው የማን አባት ነው?

መጫወቱን ሲያቆም አሥራ ሦስት ዓመት የሌሎች ምክትል ሆኖ አሠለጠነ። አራት ማናጀሮች በላዩ ተሾሙበት፤ አራቱም በዕድሜ ያንሱታል። ጨዋታው ሲጠብቅ ጠጋ ብለው «አሁን ምን እናድርግ?» ይሉታል። ይነግራቸዋል። ሲያሸንፉ ጋዜጠኛው የሚያናግረው እነሱን ነው። በየዓመቱ መጨረሻ አንድ ከረባት ያሠረ ሰው ትከሻውን ቸብ እያደረገ «የሚቀጥለው ያንተ ነው» ይለዋል። ዝም አለ። ዝምታን ያወረሱት እናቱ ናቸው፤ ወረቀት የሌለው ሰው አፍ የለውም ብለው አስተምረውት ነበር። ወረቀቱ መጣ፣ ፓስፖርቱ መጣ፣ ሽበቱ መጣ፣ አፉ ግን ሳይመጣ ቀረ።

ከአራት ዓመት በፊት ነው እዚሁ ቶሮንቶ ውስጥ ያለ አንድ ክለብ ማናጀር አድርጎ የቀጠረው። ዶን ቫሊ ሄሮንስ ይባላል። ሄሮን በወንዝ ዳር የምትቆም ባለ ረጅም እግር ወፍ ናት። ባለቤቱ ሚስተር ካርዌል የሚባል የበርና የመስኮት ነጋዴ ነው፤ ከፍ ያለ ድምፅ፣ ከፍ ያለ ሳቅ፣ አጭር ትዝታ። ሙሉነህ ቡድኑን ከመጨረሻ ተረክቦ በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛ አደረገው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጠኛው እሱን አናገረ። እናቱ ጋዜጣውን ቆርጠው ከሥዕለ ማርያም በታች ለጠፉት።

አሁን ወደ ነገሩ።

ባለፈው ሐምሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ዴሾን የሚባል የጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ልጅ አለ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ኳስ ወርዋሪ፣ ክንዱ እንደ ወንጭፍ። ከሦስት ቀን በፊት ብዙ ወርውሮ ክርኑ አብጧል። ሚስተር ካርዌል ደግሞ በዚያ ቀን ከክለቡ ድርሻ ይገዙ ይሆናል ያላቸውን እንግዶች ጋብዟል፤ ዴሾንን አሳያችኋለሁ ብሏቸዋል። ከዘጠኙ ዙር ሰባተኛው ላይ የሙሉነህ ስልክ ከባለቤቱ ቴክስት አመጣ። ኪሱ ከተተው። ሁለተኛ መጣ። ከዚያ ባለቤቱ ራሱ ከመቀመጫው ወርዶ ከአጥሩ ሽቦ ጀርባ ቆመ።

«ዴሾንን አስገባ።»

«ክርኑ አብጧል። ዛሬ አይወረውርም።»

«ሰዎቹ እሱን ለማየት ነው የመጡት።»

«ይዩታ። ያው ተቀምጧል።»

«ማነው አለቃው እዚህ?»

«ካጥሩ ወዲያ አንተ ነህ» አለው ሙሉነህ። «ካጥሩ ወዲህ እኔ ነኝ።»

በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ሙሉነህ እስከ መጨረሻዋ ኳስ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዱላዎቹን ሰበሰበ፣ ቤዞቹን ነቀለ፣ መሬቱን ከሠራተኛው ጋር ጠረገ። ሰኞ ጠዋት ሲመጣ ቁልፉ አልከፍት አለው። ዕቃው በካርቶን ተደርጎ ጥበቃው እግር ሥር ተቀምጧል፤ ጥበቃው ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

ማታውን ልጁ ሩሃማ ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። እናቷ የኔነሽ ከአረጋውያን ቤት ሺፍቷ አልተመለሰችም። ሩሃማ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ እንደ ተቀደደ መረብ ነው፣ የያዘውን ይይዛል፣ ያመለጠው በእንግሊዝኛ ይወጣል።

«ዳድ፣ ፖስት አድርገውሃል።»

«ምን ብለው?»

«‹ማናጀሩ በራሱ ፈቃድ፣ በጨዋታ መካከል፣ ቡድኑን ጥሎ ሄዷል› ነው የሚለው። ላይክ፣ ሪሊ? ጥለህ ሄድክ?»

«ላጥበው ያመጣሁትን ማልያ አላየሽም? ጭቃው የማን ነው?»

«እኔማ አይቻለሁ። እነሱ ናቸው ያላዩት።»

ይህ ከስም ማጥፋት ያለፈ ነው። በሊጉ ደንብ፣ በውድድር መካከል ቡድኑን ጥሎ የሄደ ማናጀር ለሁለት ዓመት በየትኛውም የሊጉ ክለብ እንዳይሠራ ይታገዳል። በአርባ ሰባት ዓመቱ ሁለት ዓመት የታገደ ማናጀርን ማንም ፈልጎ አይጠራውም፤ በሩ ለዘለቄታው ይዘጋል። ደብዳቤው መጣ፤ ከአንድ ወር በኋላ ቀርበህ ቃልህን ስጥ ይላል።

ሙሉነህ ደብዳቤውን ታጥፎ እስኪቀደድ አነበበው። ሰነፍ ቢሉት በሳቀ። አያውቅም ቢሉት ባለፈው፤ ሲሉት ነው የኖሩት። ጥሎ ሄደ! ሀገር ጥሎ የመጣ፣ መቃብር ጥሎ የመጣ፣ ግማሽ ዘፈን ጥሎ የመጣ ሰው፣ በዕድሜው አንድ ያልጣለው ነገር ቢኖር ሜዳ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ለሌላ ሰው ሲታዘዝ እንኳ ከመጨረሻዋ ኳስ በፊት ተነሥቶ አያውቅም። ከብዙ ክስ መካከል መርጠው መርጠው፣ በሕይወቱ ያላደረገውን አንዱን አነሡበት።

ደግነቱ፣ የባለቤቱ ማስረጃ የገዛ ቃሉ ብቻ ነበር። ተጫዋቾቹ ውል ስላለባቸው ዝም ይበሉ እንጂ፣ ሄደ ብሎ የሚምልም አልተገኘም። ሊጉ ይህን ያያል ብሎ ተጽናና። አፉም ቀስ እያለ መምጣት ጀመረ፤ የሚናገረውን መስተዋት ፊት ይለማመድ ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሌላ ወረቀት ከሊጉ መጣ። ባለቤቱ ያስገባው ተጨማሪ ማስረጃ ነው። ሩሃማ አነበበችለት፤ አነበበችና ቆመች።

«‹የማናጀሩ ማኅበረሰብ ሽማግሌዎች ቢሮዬ ድረስ መጥተው ጥፋቱን አምነዋል፤ ፈርመዋልም።› ዳድ… ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው?»

ሙሉነህ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። እነማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገውም። ማን እንደላካቸው ገብቶታል።

የእናቱን በር ሲከፍት ጋሼ ወልደገብርኤል ሶፋው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ጋሼ ወልደገብርኤል ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሃያ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ጠብቀው ጡረታ ወጥተዋል፤ ዋናው ሥራቸው ግን ማስታረቅ ነው። በዚህ ከተማ ባልና ሚስት ከተጣሉ፣ ማኅበር ከተከፈለ፣ ወንድም ከወንድሙ ከተኳረፈ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ላይ ሰማያዊ ኮፍያ ደፍተዋል። ከፊቱ ባለ ረጅም እግር ወፍ ተጠልፎበታል።

«ና፣ ሙሉዬ፣ ግባ። ያንተን ነገር እኮ ጨርሰነው መጣን።»

«ምኑን ነው የጨረሱት፣ ጋሼ?»

«ሦስት ሆነን ሄድን። ኤግሊንተን ዌስትን ያንን የተቆፈረ መንገድ ስንዘል ስንዘል፣ በከረባታችን። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። ሻይ አስመጣልን፣ በወረቀት ኩባያ ቢሆንም። ይቺንም ሸለመን። አስብበታለሁ ነው ያለው።»

«ምን አላችሁት?»

«ምን እንላለን? እንደ ደንቡ ነዋ። ተነሥተን ቆምን፤ ‹ልጃችን አጥፍቷል፤ ልጅ ያጠፋል፣ ትልቅ ሰው ይምራል፤ ስለ ሽበታችን ብለህ ይቅር በለው› አልነው።»

«ምን አጠፋሁ?»

«እሱን አልጠየቅንም።»

ሙሉነህ በሩን ከኋላው ዘጋው። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሲቆጣ ዝቅ ይላል።

«ሳትጠይቁ አጥፍቷል አላችሁ?»

«አንተ ደግሞ። ሽማግሌ ጥፋት ይዞ ነው የሚሄደው፣ ባዶ እጁን ይሄዳል እንዴ? እኛ አጥፍተናል ስንል ያኛውም ‹ኧረ እኔም አጥፍቻለሁ› ይላል፣ ከዚያ እርቅ ይወርዳል። አርባ አንድ ትዳር እንዲህ ነው ያቆምኩት።»

«ያኛውስ? እኔም አጥፍቻለሁ አለ?»

ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቀው አዩት፣ መልሱ እሱ ላይ የተጻፈ ይመስል።

«እሱማ… ጻፈው።»

«እናንተም ፈረማችሁ።»

«ስማችሁን ለክብር መዝገብ አለን። ታዲያ እንቢ ይባላል? ሻይ ጠጥተን?»

ወይዘሮ አሰፋሽ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። «እኔ ነኝ የላክኋቸው» አሉ። «ሥራህ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይላካል። አንተ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፣ እኔስ ዝም ልበል?»

«ዝም አልልም ነበር እኮ፣ እማዬ። በዕድሜዬ አንዴ ልናገር ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት ጥፋተኛ ነኝ ብላችሁ ተናገራችሁልኝ።»

«በል ቁጭ በልና ብላ። ሲርብህ ነው እንዲህ የሚያደርግህ።»

«አልበላም።»

«እንዴት አትበላም?»

«አልበላም አልኩ።»

ሙሉነህ ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ሰው ሀገር ነው ያደገው። አማርኛ ማንበብ እንኳ አይሆንለትም። ይህችን ሕግ ግን ያውቃታል። ያኮረፈ ሰው ማዕድ አይቀርብም፤ ከቀረበ ታርቋል፣ ከታረቀ ነገሩ አልቋል። ነገሩ ደግሞ አላለቀም። ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱን አልጣላቸውም። መድኃኒታቸውን ያመጣል፣ አስቤዛቸውን ይሸከማል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ነገር ግን ቤታቸው ገብቶ አይቀመጥም። ቆሞ ያወራል፣ ቆሞ ይሰማል፣ ቆሞ ይሰናበታል። ጋሼ ወልደገብርኤል ከመጡ ሰላም ይላቸዋል፣ ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«እግርህን አይደክመውም?» ይሉታል እናቱ።

«ለምጄዋለሁ፤ ዘበኛ አልነበርኩ?»

በሦስተኛው ሳምንት ስለ ዴሾን ሰማ። አዲሱ ማናጀር በታዘዘው መሠረት ሁለት ጊዜ በተከታታይ አስወርውሮት፣ ክርኑ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጥሶ ለቀዶ ጥገና ገብቷል። ለአንድ ዓመት ኳስ አይነካም። ሙሉነህ ሆስፒታል ሄዶ ጠየቀው። ልጁ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ክንዱን ትራስ ላይ አስደግፎ «ኮች፣ እኔ ምንም አላልኩም፤ ይቅርታ» አለው። ሙሉነህ ምን ይመልስለት? የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ክንዱን ወስደውበት፣ ይቅርታ ጠያቂው እሱ ሆነ። በዚህ ዓለም ይቅርታ ሁልጊዜ ከተጎዳው ወገን ነው የሚነሣው። ውኃ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ይቅርታ ግን ከላይ ሲወርድ አይቶ አያውቅም።

ቃል የሚሰጥበት ቀን ፍልሰታ ገብቶ፣ በጾሙ መካከል ዋለ። ቦታው ከአንድ የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ በላይ ያለ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ቀድሞ ሜዳ ላይ ታጫውት የነበረች ሴት ናት። ሚስተር ካርዌል ከጠበቃው ጋር በአንድ ወገን፣ ሙሉነህ ብቻውን በሌላው።

ሙሉነህ ተነሣ። ወረቀት አልያዘም።

«በሰባተኛው ዙር ሜዳ ላይ ነበርኩ» አለ። «በስምንተኛው ነበርኩ። በዘጠነኛው ነበርኩ። ጨዋታው ሲያልቅ ዱላዎቹን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ተሰንጥቋል። ከሜዳ ቀድሜ ወጥቼ አላውቅም። ማስወጣት ትችላላችሁ፤ መብታችሁ ነው። ወጣ ማለት ግን አትችሉም።»

ጠበቃው ፈገግ ብሎ አንዲት ወረቀት አነሣ። «የገዛ ሽማግሌዎቻችሁ ግን ሌላ ነው የሚሉት። ‹አጥፍቷል፤ ይቅር በለው።› ፊርማው የሦስት ሰው ነው። ወልዴ… ጋብር…»

«ወልደገብርኤል ነው የምባለው» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ጋሼ ወልደገብርኤል ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ራሳቸው ገላጣ፣ ሩሃማን ተመርኩዘው ቆመዋል። ለካ ሩሃማ በዚያው ሰሞን ቤታቸው ሄዳ፣ ያቺን ወረቀት በዚያ በተቀደደ አማርኛዋ ቃል በቃል አንብባላቸዋለች። ሦስት ጊዜ አስነብበዋታል። በመጨረሻ «ቀኑ መቼ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቋት። ዛሬ በሁለት አውቶቡስ አምጥታቸዋለች።

ሰብሳቢዋ ይናገሩ አለች። እንግሊዝኛቸው የመኪና ማቆሚያ እንግሊዝኛ ነው፤ አጭር፣ ግን ያስቆማል።

«እኔ ኳሱን አላየሁም» አሉ። «ይህን ጨዋታ እስከ መጨረሻው አይቼም አላውቅ፤ ያልቃል ወይ? ልጃችን ይሂድ አይሂድ አላውቅም። እኔ የሄድኩት ልለምን ነው። በእኛ ዘንድ የሚለምን ሰው ጥፋቱን ሁሉ ይሸከማል፤ የሌለውንም። የሚለመነው ሰው ደግሞ ቶሎ ብሎ ያወርድለታል። እኔ ሽበቴን ይዤ ሄድኩ። እሱ እስክሪብቶ ይዞ ጠበቀኝ።»

«ታዲያ ያን ቀን ዋሽተዋል ማለት ነው?» አለ ጠበቃው።

«አዎን። ለሰው ክብር ብዬ ዋሸሁ። ክብር ያለው መስሎኝ።»

ከታች የበረዶ መጥረጊያው መኪና ሲያጉረመርም ይሰማል። ሰብሳቢዋ ወደ ሚስተር ካርዌል ዞረች።

«ሲሄድ ያየው ማነው?»

«በመንፈስ ሄዷል» አለ ባለቤቱ። «ከቡድኑ ጋር አልነበረም።»

«በእግሩስ?»

ባለቤቱ ወደ ጠበቃው ዞረ። ሙሉነህ የዴሾንን ክርን አነሣ፤ ልጁን ማን እንዳስወረወረው፣ ለምን እንደሆነ። ሰብሳቢዋ በትሕትና ይህ የዛሬው ጉዳይ አይደለም አለችው። የየትኛው ቀን ጉዳይ እንደሆነ ግን አልነገረችውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ አንድ ቃል ሁለት ሰዓት ተወራ፤ ስለ አንድ ክንድ አንድ ደቂቃ አልተገኘም።

ከምሳ በፊት ውሳኔው ተነበበ። እገዳው አይጸናም። «ጥሎ ሄደ» የሚለው ከመዝገብ ተሠርዞ «በክለቡ ተሰናበተ» ተብሎ ይጻፋል፤ ክለቡም ፖስቱን ያርማል። ወደ ሥራው ይመለስ የሚል ነገር ግን የለም። ባለቤቱ የፈለገውን መሾም መብቱ ነው።

ደረጃውን ሲወርዱ ሩሃማ ጠየቀችው። «ሶ… አሸነፍን?»

«ተባረርኩ» አላት። «አንድ ወር ሙሉ ታግዬ፣ ዛሬ በሕግ ተባረርኩ።»

«ያ እኮ ዊን ነው፣ ዳድ። ካይንዳ… በግማሽ።»

ሳቀም አልሳቀም ለማለት ያስቸግራል። በአፍንጫው አንድ ነገር ወጣ። ከዚያ ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ። ሃያ ስምንት ዓመት ለጨዋታው ሰጥቶ፣ ጨዋታው በመጨረሻ የሰጠው «ተሰናበተ» የምትል አንዲት እውነተኛ ቃል ናት። እሷንም ጎትቶ ነው ያወጣት።

ጋሼ ወልደገብርኤልን መኪናው ውስጥ ከፊት አስቀመጣቸው። ወደ ቶርንክሊፍ ነዳ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር አሥራ አንዱን ፎቅ በየሁለቱ እያረፉ ወጡ፤ ሽማግሌው በጾም አፋቸው፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጥለው።

ወይዘሮ አሰፋሽ ከቅዳሴ ተመልሰው ማዕዱን አቅርበው ነበር። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ምስሩ፤ አራት ወንበር። ሩሃማ የሆነውን በሁለት ቋንቋ ደባልቃ ነገረቻቸው። ሰሙ፣ አማተቡ። ጋሼ ወልደገብርኤል ተቀመጡ፣ እናቱ ተቀመጡ፣ ሩሃማ ተቀመጠች። ሙሉነህ ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ ነው።

«አሁንስ?» አሉ እናቱ። «ስምህ ጠራ አይደል? ምን ቀረህ?»

ሙሉነህ ባዶውን ወንበር አይቶ ግድግዳውን ይበልጥ ተደገፈ።

ጋሼ ወልደገብርኤል እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። «እሱ ካልተቀመጠ እኔም አልቆርስም» አሉ። ሩሃማ ወደ ጎመኑ የዘረጋችውን እጅ ቀስ አድርጋ መለሰች።

ወይዘሮ አሰፋሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከወንበራቸው ተነሡ። እናት ለልጇ አትነሣም፤ እሳቸው ተነሡ።

«ሳልጠይቅህ ላክሁ» አሉ። «ምን ሆነህ ነው ሳልልህ፣ አጥፍቷል አስባልኩህ። ፈራሁ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሙሉነህ ረዘም አድርጎ አያቸው።

«እንደ ደንቡ ነው፣ እማዬ፣ ወይስ እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ሙሉነህ ከግድግዳው ተላቀቀ። ወጥ ቤት ገብቶ እጁን ታጠበ፣ በፎጣው ሳይሆን በሱሪው አደረቀው። ተመለሰ፤ አራተኛውን ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንጀራ ቆርሶ ከፊቱ ካለው ሽሮ ጎረሰ። ቀዝቅዟል። ሁለተኛም ቆረሰ።